አይጧ በእግሯ ተይዛ እንዳታድር፦ ወጥመድ ለሚጀምር ሰው ዝርዝር መመሪያ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጓዳ ውስጥ «ቀጭ!» ይላል። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ትንሽ ቆይቶ ጣውላው ወለሉን እየፋቀ ሲጎተት ይሰማል፤ ሲጥሲጥታም ይከተላል። ወጥመዱ አይጧን በአንገቷ ሳይሆን በእግሯ ወይም በጅራቷ ይዟታል ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ያኔ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮው ስቦ ይተኛል። ጠዋት ወጥመዱ አልጋ ሥር ይገኛል፤ አይጧ ወይ ቆስላ አምልጣለች፣ ወይ ከነሕይወቷ ቁጭ ብላ ታያችኋለች።

ደሴ ውስጥ እህል በምናስቀምጥበት ጭቃ ቤት ይህን ድምፅ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የእኔ ነበር። ጀማሪ የሚሳሳተው በሦስት ነገር ነው፦ ለእንስሳዋ የማይመጥን ወጥመድ ይገዛል፣ ያለ ቦታው ያስቀምጠዋል፣ አጥምዶ ይረሳዋል። ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩት። ደረጃ ብትዘሉ ዕዳውን የምትከፍለው አይጧ ናት።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሦስት ነገር ወስኑ። አንደኛ፣ ቆስላ ብትገኝ የሚገድላት ማነው? «እኔ አልችልም» የሚል መልስ አያሳፍርም፤ ግን የሚችል ሰው ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት መኖሩን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ንጋት ላይ ወጥመዱን የሚያየው ማነው? ሦስተኛ፣ ሬሳው የት ይጣላል? ሦስቱ ካልተመለሱ ወጥመድ አትግዙ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ልታድሩ ከሆነም የዚያን ቀን አታጥምዱ። የተወጠረ ወጥመድ ትቶ መንገድ መሄድ እንስሳ አስሮ እንደመሄድ ነው።

ደረጃ 1፦ ማን እንደገባች እወቁ

ቤት የምትገባው አይጥ አንድ ዓይነት አይደለችም። ትንሿ የቤት አይጥ ከ15 እስከ 25 ግራም ትመዝናለች፤ ዐይነ ምድሯ የሩዝ ፍሬ ያክላል፣ ጫፉ ሹል ነው። ትልቋ፣ ብዙዎቻችን አይጠ መጎጥ የምንላት፣ ከ100 ግራም በላይ ናት፤ ዐይነ ምድሯም ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ኮርኒስ ላይ ሌሊት እንደ ሰው የምትሮጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህችኛዋ ናት።

ልዩነቱን ማወቅ የሚያስፈልገው ለወጥመዱ መጠን ነው። በትንሿ ወጥመድ የተያዘች ትልቅ አይጥ አትሞትም፤ ወጥመዱን ይዛ ትሮጣለች። ከላይ የነገርኳችሁ የመጎተት ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማታ በግድግዳው ሥር ስስ ዱቄት ነስንሱና እደሩ። ጠዋት የእግሯን ዱካና የጅራቷን መስመር ታያላችሁ፤ በየት እንደምትመላለስም ያኔ ይታወቃል። ግድግዳው ሥር ቅባት የመሰለ ጥቁር እድፍ ካለ ደግሞ መንገዷ እሱ ነው፤ ፀጉሯ በየቀኑ እየተሻሸበት የተወው ነው።

ደረጃ 2፦ ምግቡን ዝጉ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ጆንያው ክፍት ሆኖ ወጥመድ ማስቀመጥ ሁለት ጉዳት አለው። አይጧ ጤፍና ማሽላ ሞልቶላት ወጥመድ ላይ ያለች ቁራሽ አታጓጓትም። ከዚያም አልፎ አንዷን ስትገድሉ በቦታዋ ሌላዋ ትመጣለች፤ ዓመቱን ሙሉ ስትገድሉ ትኖራላችሁ። አይጥ ለሦስት ሳምንት ያህል አርግዛ ከአምስት እስከ አሥር ትወልዳለች። በወጥመድ ብቻ ይህን መቅደም አይቻልም።

1. እህሉን ክዳን ባለው በርሜል ወይም በብረት ጎተራ አድርጉ። ማዳበሪያ ጆንያ አይጥን አይመልስም፤ ነቀዝን በደንብ የሚከላከለው አየር የማያስገባ ከረጢትም ቢሆን በአይጥ ጥርስ ይበሳል።
2. ጆንያ የግድ ከሆነ በርብራብ ላይ ከፍ አድርጉት፤ ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁት። ሰው በመሃል ገብቶ ማየት መቻል አለበት።
3. እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ትንሿን አይጥ ያሾልካል። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ድፈኑት። በጨርቅ ወይም በጭቃ ብቻ የተደፈነ በአንድ ሌሊት ይከፈታል።
4. የውሻና የዶሮ ምግብ ማታ አንሡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በአንድ ቀን አትድፈኑ። ውስጥ ያለችው መውጫ አጥታ ግድግዳ ውስጥ ትሞታለች፤ ሽታው ሳምንት ይቆያል። ምግቡን አሁን ዝጉ፣ የመጨረሻዎቹን ቀዳዳዎች ግን ማጥመዱ ሲያልቅ ድፈኑ።

ደረጃ 3፦ ወጥመዱን ምረጡ

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነው፦ ጠንካራ ሞላ ያለው፣ አንገት የሚመታ ወጥመድ፣ ለአይጧ በሚመጥን መጠን። የትልቋ ወጥመድ ጣውላ ከ17 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አያንስም፤ የትንሿ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግራ ከገባችሁ ትልቁን ውሰዱ። ርካሹን ሦስት ከመግዛት ደህናውን ሁለት መግዛት ይሻላል።

እነዚህን ደግሞ አትጠቀሙ።

የሚያጣብቅ ሙጫ። «አይገድልም፣ ይይዛል ብቻ» እያሉ ይሸጡታል። መያዙ እውነት ነው፤ ግን አይጧ ለማምለጥ ስትታገል ቆዳዋ ይገፈፋል፣ አፍንጫዋ ሲጣበቅ ትታፈናለች፣ ካልሆነም በውኃ ጥም ሰዓታት ወይም ቀናት ቆይታ ትሞታለች። እኔ አንዴ ብቻ ተጠቅሜበታለሁ። ጠዋት ያገኘሁት አይጥ ሳይሆን ከጎረቤት የመጣ ጫጩት ነበር፤ ክንፉን በምግብ ዘይት እያሸሁ ለማላቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለእናንተም ቢያጋጥማችሁ አትጎትቱ፤ የምግብ ዘይት ቀስ እያላችሁ አፍስሱና ሙጫው እስኪላላ ጠብቁ።

መርዝ። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት አይጧን የሚገድላት ከበላች ከቀናት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ውስጥ ውስጡን እየደማች ትዳከማለች። ስትዳከም ድመት ትይዛታለች፣ ጉጉት ትወስዳታለች፤ መርዙም ወደ እነሱ ያልፋል። ሰፈር ውስጥ ድመት ያለምክንያት ስትሞት መጀመሪያ መርዝ ያስቀመጠ ሰው ይጠየቅ። መርዙ ድመቷን ከገደለ ደግሞ አይጥ የሚይዝላችሁ ቀረ።

የነቀዝ ክኒን። አንዳንድ ሰው እህል ውስጥ የሚጨመረውን ክኒን አይጥ ጉድጓድ ውስጥ ይከትታል። ሰው በሚተኛበት ቤት ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ ማርከሻም የለውም።

ባልዲ ውኃ። ውኃ ላይ ቆሎ በትኖ ማስመጥ ቀላል ይመስላል። አይጥ ግን ዋናተኛ ናት፤ እየዋኘች የምትደክመው ረጅም ሰዓት ቆይታ ነው። በሕይወት የተያዘችን አይጥ ከነሳጥኑ ባልዲ ውስጥ መድፈቅም ያው ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ማህበራት ማስመጥን እንደ ተገቢ አገዳደል አይቀበሉትም።

ነጭ ጋዝና ክብሪት። የሰፈር ልጆች የተያዘች አይጥ ላይ ሲሞክሩት አይቻለሁ። ከጭካኔው ሌላ፣ የተለኮሰች አይጥ የምትሮጠው ወደ ጉድጓዷ ነው፤ ጉድጓዷ ደግሞ የእናንተ ቤት ነው። የተያዘችን አይጥ ለልጅ አትስጡ።

ደረጃ 4፦ ወጥመዱን ፈትሹ

አዲስም ሆነ አሮጌ ወጥመድ ሳይፈተሽ አይቀመጥ።

1. ወጥሩና ማባበያው ምግብ የሚቀመጥባትን የወጥመዱን ምላስ በረጅም እንጨት ንኩ። ጣት አትስጡ፤ የትልቋ አይጥ ወጥመድ የሕፃን ጣት ይሰብራል።
2. መቺው ሽቦ ሲወርድ ዐይናችሁ ከተከተለው ሞላው ደክሟል ማለት ነው፤ ጣሉት።
3. ቀጭን ካሮት አስቀምጡና ልቀቁት። ካሮቱን ካልቆረጠው ወይም ካልሰበረው አትጠቀሙበት።
4. ምላሷ በቀላል ንክኪ መልቀቅ አለባት። ካስቸገረች መያዣውን ቀጭን ሽቦ ትንሽ አቃኑት፤ ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ።

በሰሜን አሜሪካ በውኃ ዳር የሚኖረውን፣ ዛፍ እየቆረጠ ግድብ የሚሠራውን ቢቨር የሚገድል ወጥመድ በሰከንድ ይለካል። ካናዳ፣ ሩሲያና የአውሮፓ ማህበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1997 በተስማሙበት መለኪያ መሠረት ለቢቨር የሚሆን ገዳይ ወጥመድ ከተፈተኑት እንስሳት ቢያንስ 80 በመቶውን በ300 ሰከንድ ውስጥ ራሳቸውን ማሳት አለበት፤ ካለፈ ወድቋል። አምስት ደቂቃ ለእኔ ብዙ ነው። የቤት አይጥ በዚያ ስምምነት ውስጥ የለችም፤ ሐሳቡን ግን ውሰዱት። «ያዘ ወይ?» ሳይሆን «በስንት ሰከንድ ገደለ?» ብላችሁ ወጥመዳችሁን መዝኑ።

ደረጃ 5፦ ቦታ

አይጥ በክፍሉ መሃል አትሄድም፤ ጢሟ ግድግዳ እየነካ በጥግ ጥጉ ትሄዳለች። ስለዚህ፦

1. ወጥመዱን ዱካ ካያችሁበት ግድግዳ ጋር ቀጥ ብሎ እንዲገጥም፣ የወጥመዱ ምላስ ያለችበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጉ። አይጧ ከግራም ከቀኝም ስትመጣ ጭንቅላቷ ከሽቦው ሥር ይሆናል። በግድግዳው ርዝመት ብታጋድሙት ግን ከኋላ በኩል ትመጣና እግሯን ወይም ጅራቷን ትያዛለች።
2. ለትንሿ አይጥ በየ2 ሜትሩ፣ ለትልቋ በየ4 እና 5 ሜትሩ አስቀምጡ። ብዙ ወጥመድ ለጥቂት ሌሊት፣ አንድ ወጥመድ ለወራት ከማቆየት ይሻላል።
3. ወጥመዱን በቀጭን ሽቦ ወይም በሲባጎ ከምስማር ጋር እሰሩት። በስህተት በእግሯ ብትያዝ ጉድጓድ ውስጥ ይዛው አትገባም፤ ደርሳችሁ ስቃይዋን ታሳጥራላችሁ።
4. በላዩ የእንጨት ሳጥን ድፉበት፤ በሁለቱ ጎን በግድግዳው በኩል አይጥ ብቻ የሚያሾልክ በር ተዉለት። የድመት እጅ፣ የዶሮ ምንቃር፣ የሕፃን ጣት እንዳይደርስበት ነው። ድመት ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ያለ ሳጥን አታጥምዱ።

ኮርኒስ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ብዙ ሰው የሚያስቀምጠው ግን እዚያ ነው። ድምፅ ሰምታችሁ በሌሊት መሰላል ማቆም ካልቻላችሁ ቆስላ የተያዘችው ከራሳችሁ በላይ እየጮኸች ታድራለች። ከኮርኒሱ የምትወርድበትን ጥግ በዱቄት ፈልጉና እዚያ አጥምዱ።

ደረጃ 6፦ አለማምዷት

ትልቋ አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች። ትላንት ያልነበረ ሳጥን ዛሬ መንገዷ ላይ ካየች ለቀናት ዞራ ታልፋለች። በፍርሃት አንገቷን አስግጋ በእጇ ብቻ ስትነካካ ነው እጇን የምትያዘው።

ወጥመዱን ሳትወጥሩ፣ ማባበያ አድርጋችሁ ከሦስት እስከ አምስት ሌሊት ተዉት። ማባበያው በየሌሊቱ ከተበላ ለምዳለች። ካልተበላ ቦታውን ቀይሩና እንደገና ጀምሩ። ይህን ሲሰሙ «አይጥ ልቀልብ እንዴ?» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ለአራት ቀን ትቀልባላችሁ። ሙሉ እምነት ይዛ አንገቷን ስታስገባ ብቻ ነው በአንድ ምት የምትሞተው። ትንሿ አይጥ እንዲህ አትፈራም፤ አንድ ሌሊት ይበቃታል።

ማባበያው አተር የምታክል ብቻ ትሁን። የተቆላ ለውዝ ወቅጣችሁ በትንሽ ዘይት ለውሱ፤ የለውዝ ቅቤም ይሆናል። ከወጥመዱ ምላስ ጋር በክር እሰሩት፤ ስትጎትተው ጭንቅላቷ ወጥመዱ ውስጥ ይቆያል። ትልቅ ቁራሽ ዳቦ ካደረጋችሁ ጫፉን ከውጭ ሆና ትበላለች። በባዶ እጅ አትሥሩ፣ ጓንት አድርጉ፤ በሽታን ስለመከላከል ነው።

ደረጃ 7፦ የሚወጠርበት ማታ

ሁሉንም በአንድ ማታ ወጥሩ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ ንገሩ፤ ሠራተኛዋንም፣ ያደረውንም እንግዳ። ስንት እንዳጠመዳችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ስድስት አጥምዶ አምስት መቁጠር የተለመደ ነው፣ ስድስተኛው በሳምንቱ በክርፋቱ ይገኛል። መብራት የሚጠፋበት ማታ ከሆነ ባትሪ አጠገባችሁ ይሁን።

ደረጃ 8፦ እዩ፣ እንደገና እዩ

ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንዴ። «ቀጭ» ካለ በኋላ እንቅስቃሴ ከተሰማ ያኔውኑ ተነሡ። በደሴ ብርድ ከአልጋ መውረድ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ጋቢ ደርባችሁ ውጡ። ቀን ቀን ወጥመዱን አላሉት፤ አይጥ በሌሊት ነው የምትንቀሳቀሰው፣ ቀን የሚያዘው ወፍና ጫጩት ነው።

ደረጃ 9፦ በሕይወት ከተገኘች

ይህ ክፍል ደስ አይልም፤ ግን ወጥመድ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቆስላ የተያዘችን አይጥ መልቀቅ ምሕረት አይደለም፤ የተሰበረ እግሯ አመርቅዞ ትሞታለች። «ትንሽ ቆይታ ትሞታለች» ብሎ መሄድ ደግሞ የባሰ ነው።

1. ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አስወጡ።
2. ወጥመዱን ከነአይጧ ወፍራም የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገቡ። ጨለማው ያረጋጋታል።
3. ከረጢቱን ሲሚንቶ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋድሙ። አፈር ላይ አይሆንም፣ ምቱን ያላላዋል።
4. ጭንቅላቷ የት እንዳለ ከላይ ለዩ። እስክትለዩ ድረስ አትምቱ።
5. በመዶሻ ወይም በከባድ ዱላ ከጆሮዋ ኋላ፣ በሙሉ ኃይል፣ አንዴ። አዝናችሁ ቀስ ብትሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ምት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ርኅራኄው ጠንክሮ መምታት ነው። ለማረጋገጥ ወዲያው በዚያው ቦታ አንዴ ድገሙት።
6. መሞቷን አረጋግጡ። ደረቷ ለሦስት ደቂቃ ካልተንቀሳቀሰና በስንጥር ጫፍ ዐይኗን ስትነኩ ካልጨፈነች ሞታለች። እግሯ ለጥቂት ጊዜ ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ያ ብቻውን በሕይወት መኖሯን አያሳይም። ከተጠራጠራችሁ ድገሙ።

በግ የሚያርድ ሰው ቢላዋውን በጉ ፊት አይስልም፤ ቢላዋው ደንዝዞም አያርድም። አያቴ በግ ሲያርዱ እንዲህ ነበር፤ ለአይጥም ሲሆን የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ሌላ ሰው ጥሩ። ጥያቄውን ከመግዛታችሁ በፊት ያስቀደምኩት ለዚህ ነው።

ደረጃ 10፦ በሕይወት የሚይዘው የሽቦ ሳጥን

«መግደል አልፈልግም» ብላችሁ የሽቦ ሳጥን ልትገዙ ትችላላችሁ። ቢሆንም ሳጥኑ ከሚገድለው ወጥመድ የበለጠ ጊዜና ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ሌሊት ሽቦ ላይ ያደረች ትንሽ አይጥ በብርድ ልትሞት ትችላለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳለች፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተረሳ ሳጥን እኩለ ቀን ላይ ምድጃ ይሆናል። ስለዚህ ደሴ ያለ ሰው ሳጥኑ ውስጥ የተቀደደ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይጨምር፤ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ጥላ ውስጥ ያድርግና ከረፋዱ በፊት ያንሣው። ሁለቱም ቦታ ውኃ ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ቁራሽ ድንች ወይም ቲማቲም፣ ይጨመር። በየሦስት አራት ሰዓቱ እዩት። ከተያዘች በጨርቅ ሸፍኑት፤ ሽቦውን መንከስና መጋጨት ትተዋለች።

ከዚያስ? ጦሳ ተራራ ሥር ወይም ቦርከና ወንዝ ዳር ወስዶ መልቀቅ መጀመሪያ የሚታሰበው ነው። እኔ አልመክርም። የቤት አይጥ የማታውቀው ሜዳ ላይ መሸሸጊያም ምግብም የላትም፤ አብዛኞቹ ብዙ አይቆዩም። ከተረፈችም የምትገባው የሌላ ሰው ጎተራ ነው። ሳጥን ከመረጣችሁ በደረጃ 9 የተጻፈውን ለማድረግ ተዘጋጁ፤ የሳጥኑ ጥቅም ድመት ወይም ጫጩት ቢገባ ሳይጎዳ መልቀቅ መቻሉ ነው።

ደረጃ 11፦ እናት ከሆነች

የሞተችው ጡቷ ያበጠ፣ በዙሪያው ፀጉር የሳሳ ከሆነ ግልገሎች ትታለች። ግልገሎቹ ሲወለዱ ፀጉርም የላቸውም፣ አያዩም፤ ዐይናቸው የሚከፈተው ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው፣ ጡት የሚተዉት በሦስተኛው ሳምንት። ያለ እናት በረሃብ ቀስ ብለው ያልቃሉ። ያኑ ቀን ጎጆዋን ፈልጉ፦ አሮጌ ልብስ፣ የጆንያ ክምር፣ የማይከፈት ሣጥን፣ ከምድጃው ጀርባ። ካገኛችኋቸው በከረጢት አድርጋችሁ በአንድ ከባድ ምት ጨርሱ። ሜዳ ላይ መጣል መግደል ያልሆነ ይመስላል፤ ግን በብርድና በጉንዳን መግደል ነው።

ደረጃ 12፦ ሬሳና ጽዳት

ሬሳው ሲቀዘቅዝ ቁንጫዋ ሌላ አካል ፍለጋ ይወጣል፤ ስለዚህ አታሳድሩት። በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ ውሻ የማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩ። ወንዝ ውስጥ አትጣሉ።

ዐይነ ምድሯን በደረቁ አትጥረጉ፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። በርና መስኮት ለግማሽ ሰዓት ክፈቱ፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጡና አርከፍክፉ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሡ። የአይጥ ሽንት በቁስልና በዐይን የሚገባ በሽታ ያስተላልፋል፤ እጃችሁ የተሰነጠቀ ከሆነ ያለ ጓንት አትሞክሩ። ወጥመዱንም እጠቡና አድርቁ።

ከነከሰቻችሁ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ አይጥ እንደነከሰቻችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ሳይሠራ ሲቀር

ማባበያው ተበልቶ ወጥመዱ ካልተፈነጠረ፦ ወይ የወጥመዱ ምላስ ጠጥራለች፣ ወይ ክር አላሰራችሁም፣ ወይ በልታ የሄደችው ጉንዳን ናት። ጉንዳን ከሆነ ለውዙን ተዉና ጥጥ ወይም የጨርቅ ብጣሽ እሰሩ፤ አይጥ ለጎጆዋ ትፈልገዋለች።

ተፈንጥሮ ባዶ ከሆነ፦ አይጧ ከምትገባው በላይ ወጥመዱ ትልቅ ነው፣ ወይም ጣውላው ወለሉ ላይ ይወዛወዛል። የተደላደለ ቦታ ፈልጉ። ደም ካለበት ግን የቆሰለች አለች ማለት ነው፤ ሌላ ሥራ ትታችሁ ደሙን ተከተሉ።

በተከታታይ ሁለት ጊዜ በእግር ወይም በጅራት ከተያዙ፦ ማጥመዱን አቁሙ። ወደ ደረጃ 4 እና 5 ተመለሱ። ሦስተኛ አይጥ ላይ አትሞክሩት።

የድመት ግልገል ከተያዘ፦ ፎጣ ጣሉበት፣ ሞላውን በሁለት እጅ ክፈቱ፣ እግሩን ሳታሹ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ። ከዚያም ሳጥኑን ለምን እንዳልደፋችሁ ለባለቤቷ መናገር የእናንተ ፋንታ ነው።

ለአንድ ሳምንት ምንም ካልተያዘ፦ ዱቄቱን እንደገና ነስንሱ። ዱካ ካለ ቦታ ቀይሩ። ለሰባት ሌሊት ዱካ ከሌለ የቀሩትን ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ድፈኑ፣ ወጥመዶቹን ወረቀቱ ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አመሳክራችሁ ሰብስቡ፣ ሞላውን አላልታችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ስቀሉ። እህል ከአውድማ በሚገባበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዱቄቱን በየሳምንቱ አንዴ መነስነስ አትተዉ።